ማሽኑ ያልመታው ጠላቂ

አጎቴ ሳኬላሪስን ያገኘኋቸው ሳላስበው ነው። በዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከትልቋ ደሴት ከሮድስ የሚላክልንን የመድኃኒት ሣጥን ልቀበል ወደ ካሊምኖስ ወደብ ወርጄ ነበር። ጀልባዋ ዘገየች። በደሴታችን ሴት ልጅ ወደብ ላይ ብቻዋን ከቆመች ሰው ሁሉ ምክንያቷን ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ መጠየቅ አልወድም። ስለዚህ ገመድ ወደሚጠግኑት ሽማግሌዎች ጠጋ ብዬ ቆምኩ።

«የሚኬስ ልጅ!» አለኝ አንድ የሻከረ ድምፅ። «ኖሚኪ ሐኪም ሆና መጣች አሉኝ። እንዲህ ከሆነማ እኔም ጳጳስ ልሆን ነው!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ድምፁ የማን እንደሆነ ሳውቅ ሳቄን ተውኩት። የአጎቴ ሳኬላሪስ ድምፅ ድሮ ከጀልባ ወደ ጀልባ ይሰማ ነበር።

አጎቴ የምላቸው በሥጋ ስለምንዛመድ አይደለም። እሳቸውና አባቴ አሥራ አራት በጋ በአፍሪካ ዳርቻ አብረው ሰፍነግ ጠልቀዋል። አንደኛው የመዳብ ቆቡን ደፍቶ ወደ ባሕሩ ወለል ሲወርድ፣ ሌላው ጀልባዋ ላይ ሆኖ ገመዱን በጣቶቹ ያዳምጣል፤ ከታች ያለው ሰው የሚኖረውም የሚሞተውም በዚያ ገመድ ያዥ እጅ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የአባቴን ሬሳ ከአፍሪካው ወደብ ከደርና ውኃ የሳቡት እሳቸው ናቸው።

«ድምፅዎን ምን ነካው?» አልኳቸው።

«ምን ይነካዋል፤ ማሽኑ ነዋ!»

ማሽን የምንለው የጠላቂውን ልብስ፣ ቆቡንና የአየር ቱቦውን ነው። ከጥልቅ ውኃ ፈጥኖ የወጣ ሰው እግሩ ሲሽመደመድ ወይም ሲሞት «ማሽኑ መታው» እንላለን። በእኛ ዘንድ ጠላቂን የሚያመው ሌላ በሽታ የለም። ጥርሱንም ቢያመው ማሽኑ ነው።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ከገና ወዲህ። ካፒቴኑ ደግሞ ‹ድምፅ የሌለው ገመድ ያዥ ምን ያደርግልኛል› ብሎኛል። ጀልባዎቹ ከፋሲካ በኋላ ይወጣሉ። አንቺ ድምፄን መልሺልኝ እንጂ የቀረውን እኔ አውቅበታለሁ።»

ሲያስላቸው ጎንበስ አሉ። ሳሉ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል። የሸሚዛቸው ሁለት ቁልፍ ተከፍቶ ስለነበር ደረታቸው ላይ ያለችውን ትንሽ የብር መስቀል አየኋት። መስቀሏ ትዘላለች። ነፋስ አልነበረም፤ እሳቸውም ከሳሉ በኋላ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። እሷ ግን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሳላውቀው በልቤ ቆጠርኳት። በደቂቃ ሰማንያ ስምንት።

«ነገ ሐኪም ቤት ይምጡ» አልኳቸው። በጣም ቀስ ብዬ ስለተናገርኩ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

በማግስቱ መጡ። የሁለቱን እጆቻቸውን የደም ትርታ አንድ ላይ ያዝኩ፤ የግራው ከቀኙ ዘግይቶና ደክሞ ይመጣል። አገጫቸውን ቀና አድርገው አፋቸውን እንዲዘጉ ነግሬ ማንቁርታቸውን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። በእያንዳንዱ የልብ ምት ወደ ታች ይጎተታል፤ ከሥር ሆኖ ገመድ የሚስብ ሰው ያለ ይመስላል። በጠላቂዎች ዘንድ ደጋግሞ መሳብ «አውጡኝ» ማለት ነው። ይህን ሳስብ እጄን አነሣሁ። ከደረታቸው አጥንት በስተቀኝ የዕንቁላል ያህል እብጠት ነበር፤ መዳፌን ሳሳርፍበት ገፋኝ። ደሴቲቱን ይገዙ የነበሩት ጣሊያኖች ሲወጡ ትተውት በሄዱት የራጅ መሣሪያ ፊት አቆምኳቸው። ከልብ በላይ ጠበብ ብሎ መታየት የነበረበት ጥላ እንደ ትልቅ ብርቱካን አብጦ ይመታል።

ደማቸውን ቀድቼ ወደ ሮድስ ላክሁ። ከባድ ነገር እንዳያነሡ ለመንኳቸው። ምክንያቱን ሳልነግራቸው ሁለት ሳምንት አለፈ። ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ እንጂ፣ መስቀሏን ካየሁበት ሰዓት ጀምሮ አውቄው ነበር።

ወረቀቱ የደረሰው ከሆሣዕና በፊት ባለው ዓርብ ነው። አጎቴ ሳኬላሪስ ጠባቧ ክፍሌ ውስጥ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«እህስ፣ ደሜ ምን አለሽ?»

«ቂጥኝ አለበት» አልኩ።

«ምን?»

ደገምኩት። ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ለዚያ ጨዋታ ጊዜው አልፎብኛል። ሚስቴ ቴሜሊና ብትሰማ እንኳ በሳቅ ትሞታለች!»

«አሁን የገባ አይደለም። ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ዓመት ተደብቆ ይኖራል። ቁስሉ ይደርቃል፣ ሽፍታው ይጠፋል፣ ሰውየውም ዳንኩ ይላል። በሽታው ግን ውስጥ ለውስጥ ከልብ የሚወጣውን ዋናውን የደም ሥር ግድግዳ ይበላል። ግድግዳው ሲሳሳ ደሙ እየገፋ ይነፋዋል። የርስዎ ተነፍቶ የድምፅዎን ነርቭ ተጭኖታል። የደረትዎን አጥንት እየበላ ወደ ውጭ ወጥቷል። ያ እብጠት መግል የቋጠረ እብጠት አይደለም፤ ራሱ የደም ሥሩ ነው።»

ነገሩ አልገባቸውም። ስለዚህ በሚያውቁት ነገር መጣሁባቸው።

«የአየር ቱቦው ላስቲክ ሲያረጅ ምን ይሆናል?»

«አንድ ቦታ ላይ ይነፋል።»

«ሲነፋ ካያችሁት ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምን እናደርጋለን፤ ጠላቂውን እናወጣና ቱቦውን እንጥላለን።» ባርኔጣቸውን አገላበጡት። «እኔን ማን ያወጣኛል?»

ፔኒሲሊን በደማቸው ውስጥ ያለውን በሽታ እንደሚገድለው፣ የተበላውን ግድግዳ ግን መልሶ እንደማይሠራው ነገርኳቸው። በውጭ አገር አንዳንድ ሐኪሞች ደረት ከፍተው እብጠቱን ለመጠቅለል እንደሚሞክሩ፣ ለሳቸው ግን ጊዜው እንዳለፈ ጨመርኩ።

«ታዲያ አንቺ ምን ታደርጊልኛለሽ?»

«መድኃኒቱን ትንሽ ትንሽ እያልኩ እሰጥዎታለሁ። እንዳይሸከሙ፣ እንዳይጮኹ፣ ባሕር እንዳይወጡ እመክርዎታለሁ።»

«ይኼን ለማለት ነው አቴና ድረስ የሄድሽው?»

ወረቀቱን አጠፍኩት። እሳቸውም አዘኑልኝ መሰለኝ ድምፃቸውን አለዘቡት።

«ስፋክስ ነው» አሉ፤ ጠላቂዎቻችን የሚያርፉበት የአፍሪካ ወደብ ነው። «ከተጋባን ሁለተኛው በጋ። ማዕበል ሰባት ቀን ወደብ አስቀመጠን። ኋላ ቁስል ወጣብኝ። አንድ የፈረንሳይ ሐኪም ሁለት መርፌ ወጋኝና ‹ገና ስምንት ይቀርሃል፣ በየሳምንቱ አንድ› አለ። ስምንት ሳምንት ማን ይቆይልኛል? ሰፍነጉ ይጠብቃል? ቁስሉም ደረቀ፣ እኛም ሄድን።»

«እትዬ ቴሜሊናስ ያውቃሉ?»

«ምን ቆርጦኝ እነግራታለሁ!»

«እሳቸውም ሊመረመሩ ይገባል። ባል የያዘው ሚስትን ሳይዝ አይቀርም። ሦስቱ ልጆቻችሁ ያለ ቀናቸው ተወልደው ሲሞቱ...»

«ተይ» አሉ። «እዚያ ጋ አቁሚ።»

የሚቀጥለው ቀን የአልዓዛር ቅዳሜ ነበር። በእኛ ሰፈር ጠላቂዎች ባሕር ከመውጣታቸው በፊት በዚያ ቀን ዋግምት ይደረግላቸዋል። የሚያደርጉላቸው ደግሞ የአጎቴ ሳኬላሪስ ሚስት፣ እትዬ ቴሜሊና ናቸው። በምላጭ በጣ በጣ ያደርጉና ብርጭቆውን በእሳት አሙቀው ይደፉበታል፤ ማሽኑ በሰውነት ውስጥ የተወው ክፉ ደም ይወጣል ይባላል።

«ነገ እኔንም ትበጣኛለች» አሉ አጎቴ ሳኬላሪስ። «እብጠቱን አይታዋለች። ‹ማሽኑ እዚህ ተሰብስቧል፣ አወጣዋለሁ› ብላኛለች።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። «እዚያ ላይ ምላጭ ካረፈ ይሞታሉ! ብርጭቆውን እንኳ ለማንሣት ጊዜ አያገኙም። በሳቸው እጅ ነው የሚሞቱት፤ ይገባዎታል?»

«ማሽኑ ነው ብለሽ አንድ ነገር ፈልጊላታ። እንዳትነካኝ።»

«ማሽኑ ነው ካልኳቸውማ ምላጫቸውን ያመጣሉ! ማሽን የመታውን ሁሉ ሲበጡ አይደል የኖሩት? እንዳይነኩት የሚያደርጋቸው እውነቱ ብቻ ነው።»

ይህን አላሰቡትም ነበር። መስኮቱን ተመለከቱ። ከዚያ ተስፋ የቆረጠ ሰው ቀላል ነገር ሲያገኝ እንደሚለው ዓይነት፣ «እንግዲያው ትብጣኝ» አሉ። «ምን አለበት? ዞሮ ዞሮ ሟች ነኝ አላልሽም? ሰው ‹ማሽኑ ገደለው› ይላል። ጀልባዎቹ በሚወጡበት ቀን ቄሱ ባሕር የበላቸውን ሰዎች ስም ሲያነብ የኔንም ያነባል። ከአባትሽ ስም ቀጥሎ። ከዚህ የተሻለ ምን ልትሰጪኝ ትችያለሽ?»

«ለርስዎ ጥሩ ነው። ባላቸውን በገዛ እጃቸው የገደሉትስ ሴትዮ? የርስዎን ደም ከእጃቸው ታጥበው ቀሪ ዘመናቸውን እንዴት ይኖራሉ? የሳቸውንስ ደም ማን ይመረምራል?»

አጎቴ ሳኬላሪስ ተነሡ። ቁጣቸው ድምፅ ስላልነበረው ይበልጥ አስፈራኝ።

«ስሚ፣ የሚኬስ ልጅ። እኔ ስፋክስ ከሴተኛ አዳሪዎቹ ቤት ስገባ አባትሽ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ የነበረ ይመስልሻል? የኔን ስም ስታነሺ የሱም ይነሣል። በይ፣ አሁን ሂጂና እውነቱን አውሪ!»

በሩን ሳይዘጉ ወጡ።

አባቴን የማስታውሰው በጥቂቱ ነው፤ የጨው ሽታውን፣ ከስፋክስ ያመጣልኝን ቀይ የመነጽር መያዣ። ሰውን እውነት ተናገር ብሎ መምከር ቀላል እንደሆነ የገባኝ፣ እውነቱ ወደ ቤቴ ሲመጣ ነው። ስለ ንጽሕናና ስለ ጤና የተማርኩትን ሁሉ እያወቅሁ፣ ወረቀቱን ቀድጄ ዝም ብል ማን ያውቃል ብዬ አስቤአለሁ። ይህን የምጽፈው አንባቢ እንዲያውቀው ነው፤ ዕውቀት ያለው ሰው ኀፍረት የለበትም ብሎ እንዳያስብ።

ከዚያ የግራ ክንዴን በላስቲክ አስሬ የራሴን ደም ቀዳሁ። ቤት ሄጄ መርፌውን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እናቴ ሽምብራ ትለቅም ነበር። ዓይታኝ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋችልኝ።

«ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝም?» አልኳት።

«ጠይቄሽስ? ብትነግሪኝ ምን ላደርግ?»

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሳኬላሪስ ቤት ወጣሁ። እትዬ ቴሜሊና ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ትሪ ላይ ብርጭቆዎቻቸውን እየደረደሩ ነበር። ምላጩ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። አጎቴ ሳኬላሪስ ሸሚዛቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ።

«ሐኪሟ መጣች!» አሉ እትዬ ቴሜሊና። «ልትማሪ ነው ልትከለክዪ? ከጠዋት ጀምሮ ሰባት ሰው በጥቻለሁ፤ አንዱም አልሞተብኝም። እናንተ ሐኪም ቤት ስንት ሞተባችሁ?»

«ከርስዎ በላይ ሳይሆን አይቀርም» አልኩ።

ሳቁና ወንበር ሳቡልኝ። ሊሳብልኝ የማይገባኝ ወንበር ነበር። ለጨዋታ ያህል፣ ወይም ጊዜ ለማግኘት፣ «ትናንትም ወደ ገዳሙ ወጡ?» አልኳቸው። በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ አራት መቶውን ደረጃ በባዶ እግራቸው እንደሚወጡ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ከቀበሩበት ዓመት ጀምሮ ነው።

«ወጣሁ እንጂ። ዘንድሮማ ምን እንደሆነ ልንገርሽ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ፊታቸው ግን በርቷል። «ድንጋዩ አልተሰማኝም። ድሮ እያለቀስኩ ነበር የምወጣው። አሁን መሬቱ ጥጥ ይመስለኛል። ጥጥ የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ። የባሌ እናት፣ ነፍሷን ይማር፣ ‹ጥላሽ ከባድ ነው፣ ልጆቹን አንቺ ነሽ የበላሻቸው› ትለኝ ነበር። እንጃ፣ ዘንድሮ እግዜር ሳይምረኝ አልቀረም።»

ጎንበስ ብዬ እግራቸውን አየሁ። ውስጥ እግራቸው ተሰነጣጥቆ የደረቀ ደም ነበረበት።

ፊቴን መቆጣጠር የምችል ሰው አይደለሁም። አጎቴ ሳኬላሪስ እያዩኝ ነበር።

«ቴሜሊና» አሉ፣ «ንጹሕ ጨርቅ ጨምሪ እስቲ፣ ከላይ ከሣጥኑ።»

እትዬ ቴሜሊና አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ እያሳረፉ ደረጃውን ወጡ።

«ምንድን ነው?» አሉኝ አጎቴ ሳኬላሪስ በሹክሹክታ። «ጥጥ ያለችው ምንድን ነው?»

«ያው በሽታ ነው ብዬ እፈራለሁ። በሳቸው ነርቭ ላይ ነው የወጣው። እግራቸው እየደነዘዘ ነው፤ ምሕረት አይደለም። እየቆየ መራመድ ያቅታቸዋል፣ ዓይናቸውም ሊጠፋ ይችላል።»

«እንደኔ ነው? አበቃላት?»

«አይደለም! የጠፋውን መመለስ አልችልም። እዚህ ላይ እንዲቆም ግን ማድረግ ይቻላል። መድኃኒቱ አለኝ፣ አሥር ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ከጀመርን።»

አጎቴ ሳኬላሪስ መስቀላቸውን በጣታቸው ያዙ፤ ከጣታቸው ጋር ትዘላለች።

«ስለ አባትሽ ያልኩሽን...»

እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩና ክንዴ ላይ የተለጠፈውን ጥጥ አሳየኋቸው። «ትናንት ቀዳሁ። የእናቴንም። ሁለቱም ዛሬ በጠዋቷ ጀልባ ሄዷል። ስሙ ይነሣ አጎቴ። የሞተ ሰው አያፍርም፤ እናቴ ግን በሕይወት አለች።»

ጥጡን ብዙ አዩት። ሰውን የሚያሳምነው የትኛው ቃል እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ምንም አልፈየደም፤ የሠራው አንዲት ቁራጭ ጥጥና የሴትዮዋ እግር ነው።

እትዬ ቴሜሊና ጨርቁን ይዘው ወረዱ። አንዱን ብርጭቆ አንሥተው የተለኮሰ ጥጥ ሊያስገቡበት ሲሉ አጎቴ ሳኬላሪስ እጃቸውን ያዙ።

«አስቀምጪው። ማሽኑ አይደለም።»

«ምን ሆነህ ነው ታዲያ፣ ጉንፋን ያዘህ?»

«ቂጥኝ ነው። ከስፋክስ። የተጋባን በዓመቱ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ላንቺም ሰጥቼሻለሁ። ልጆቹን... አንቺ አይደለሽም ቴሜሊና። እኔ ነኝ።»

እትዬ ቴሜሊና እሳቱን አላጠፉትም፤ በራሱ ጊዜ ተቃጥሎ አለቀ።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«እናትህ ‹ጥላሽ ከባድ ነው› ስትለኝ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ዳቦ ትበላ ነበር።»

«እበላ ነበር።»

እኔ መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። እትዬ ቴሜሊና ብርጭቆዎቹን አንዱን ባንዱ ውስጥ እያስገቡ ሰበሰቡ። ምላጩን በጨርቁ ጠቀለሉት። አንድም ነገር አልሰበሩም፣ አልጮኹም። የባላቸውን ሸሚዝ ከመሬት አንሥተው ጭናቸው ላይ ጣሉላቸው። ከዚያ ከፊቴ ተቀምጠው ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ቅጂ» አሉኝ። «ምንድን ነው፣ ከየት ነው የሚመጣው፣ በምንድን ነው የሚድነው፣ ሁሉንም ንገሪኝ። ደግሞ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ! ስታንሾካሽኩ ነው ሦስት ልጅ የቀበርኩት።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳቸው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀብን። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ጠላቂ እንደዚህ የሚመታ እብጠት ይዞ እንደመጣላቸው ጠየቅኋቸው። «ሁለት» አሉ። «አንዱን በጥቼዋለሁ። ማሽኑ ቀደመኝ ብዬ ነበር።» ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሰው ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም።

አጎቴ ሳኬላሪስ በፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ሞቱ። አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ለመቀመጥ ሲሞክሩ፣ ደሙ በአፋቸው መጣ። ሊረዳቸው የሚችል ነገር በእጄ አልነበረም፤ እጃቸውን ብቻ ያዝኩ። እትዬ ቴሜሊና በሌላ በኩል ቆመው ነበር። በእነዚያ አሥር ቀናት ውስጥ ምግባቸውን ሰጥተዋቸዋል፣ አጥበዋቸዋል። ይቅር ይበሉአቸው አይበሉአቸው አላውቅም፤ አልጠየቅሁም።

ለለቅሶ የመጡት ሴቶች እንደ ልማዳቸው «አይ ማሽን፣ ስንቱን በላህ!» ማለት ጀመሩ።

«ማሽኑ አልመታውም» አሉ እትዬ ቴሜሊና። «ቂጥኝ ነው። ልጆቼንም የቀበረው እሱ ነው። በሽታው በደሜ ስለነበረ እኔም አሥር መርፌ ወስጃለሁ። ባሎቻችሁ ከአፍሪካ ሲመለሱ ሐኪሟ ጋ ላኳቸው፣ እናንተም ሂዱ።»

ሁለት ሴቶች ተነሥተው ወጡ። የቀሩት ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ጀልባዎቹ በወጡበት ቀን ቄሱ ስሞቹን ሲያነቡ የአጎቴ ሳኬላሪስ ስም አልነበረበትም። የአባቴ ስም ተነበበ። የእናቴ ደም ንጹሕ እንዳልሆነ ከሮድስ የመጣው ወረቀት ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የኔ ነጻ ነው። እናቴ ሁሉንም መርፌ ጨረሰች። ስለ አባቴ ግን አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

በሚቀጥለው ዓመት የአልዓዛር ቅዳሜ እትዬ ቴሜሊና እንደ ወትሮው ትሪያቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ለመጣው ሁሉ ግን «መጀመሪያ ደምህን አስመርምር፣ ወረቀቷን ሳታሳየኝ አልነካህም» ይሉ ነበር። አንዳንዱ ሰድቧቸው ወደ ሌላ ዋግምት አድራጊ ሄደ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ወደኔ መጣ። በስድስቱ ደም ውስጥ በሽታው ተገኘ፤ አራቱ ገና ወጣቶች ናቸው። አሥሩንም ቀን ሳያቋርጡ መርፌያቸውን ወሰዱ። የእነዚህ ሰዎች የደም ሥር ሠላሳ ዓመት ቆይቶ አይነፋም፤ ሚስቶቻቸው የሞተ ልጅ አይወልዱም። ከመካከላቸው የአንዱ ሚስት በመስከረም ወንድ ልጅ ወለደች፤ በጊዜው የተወለደ፣ የሚያለቅስ ልጅ። የለውጡ ጥቅም ይህ ነው። ትንሽ ነው፤ ባሕር የወጣው ሰው ከሦስት መቶ በላይ ነበርና። ነገር ግን ቀድሞ የመጣ ይድናል፣ መርፌውን የጀመረ ሳይጨርስ አይሂድ፣ ለሚስቱም ይንገራት፣ የሚመታ እብጠት ላይ ደግሞ ማንም ምላጭ አያሳርፍ። ከዚህ ሌላ የምመክረው የለኝም።

በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ ቀን እትዬ ቴሜሊናን ከገዳሙ ደረጃ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ጫማ አድርገው ነበር።

«ለኃጢአቴ አይደለም» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «ልጆቹን ላያቸው ነው የወጣሁት። ለዚያ ባዶ እግር አያስፈልግም።»

የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። ውስጡ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጠር ነበር። ተረከዛቸው ደምቷል። ጠጠሩን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት።

«ከላይ ጀምሮ እዚህ ውስጥ ነበር?»

«ይመስለኛል።»

«የእግሬ ነገር አይመለስም አይደል?»

«አይመለስም» አልኩ።

«ጆሮዬም ደክሟል መሰለኝ፤ አልሰማሁሽም።»

«አይመለስም፣ እትዬ ቴሜሊና!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ከታች መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ቀና ብለው አዩን።

«እንዲህ ነው» አሉና ጠጠሩን ወረወሩት።